ታወር የት ይተከል? ከወረቀት ቴምፕሌት እስከ ሶፍትዌር፣ የትኛው አሰራር ለየትኛው መስመር

የከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሪክ መስመር ስራ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሩቱ ጸድቆ፣ ሰርቬየሮች ፕሮፋይሉን (መስመሩን ተከትሎ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳየውን ስዕል) አምጥተው፣ የታወር አይነቶቹ ከነቁመታቸው ከተለዩ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ታወር የቱ ነጥብ ላይ ይቁም፣ በስንት ሜትር ቁመት? ታወር ስፖቲንግ የሚባለው ይሄ ነው። አሁን አሁን ቢሮ ውስጥ ስትጠይቁ "በሶፍትዌር ነዋ" ትባላላችሁ፣ በምን አይነት የመሬት ዳታ፣ የማን ወጪ ገብቶ፣ በየትኛው የአየር ሁኔታ ተፈትሾ የሚለውን የሚጠይቅ ብዙ የለም። የማስተርስ ቴሲሱን በዚህ ርዕስ የሚሰራው ተማሪ ደሞ ጄኔቲክ አልጎሪዝም (መልሶችን እንደ ዘር እያዳቀለ የሚያሻሽል የኮምፒውተር ዘዴ) ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፣ አንጋፋው ኢንጂነር ቴምፕሌቱን (በሽቦው ኩርባ ቅርጽ የተቆረጠውን መሳያ) ከመሳቢያ አውጥቶ "እኛ በዚች ነው አገር ያበራነው" ይላል። ሶስቱም የያዙት ነገር አላቸው፣ ችግሩ ሁሉም የራሱን አሰራር ለሁሉም መስመር ማዘዙ ነው።

አንድ ነገር ቀድመን እንለይ። ሩት መምረጥና ታወር ማስቀመጥ ሁለት ስራ ናቸው። ሩት ማለት መስመሩ በየት በየት ይለፍ፣ የት ይታጠፍ የሚለው ነው፣ እሱ በጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ)፣ በሳተላይት ምስልና መስክ ወጥቶ በማየት ይወሰናል። ስፖቲንግ የሚጀምረው መታጠፊያዎቹ ካለቁ በኋላ ነው፤ በሁለት አንግል ታወሮች (መስመሩ የሚታጠፍባቸው) መሀል ያለው ቀጥታ መስመር ላይ ታወሮቹን መደርደር። እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው፣ ያውም ከ132 ኪሎቮልት ጀምሮ እስከ 500 ስላሉት መስመሮች። ለ15ና ለ33 ኪሎቮልት የስርጭት መስመር ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፣ ልምድ ያለው ቴክኒሺያን በሜትርና በዓይኑ ይጨርሰዋል።

በምን እንለካቸው?

መጀመሪያ ወጪ። ብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ቀመር "ታወር በቀነሰ ቁጥር ብር ይቀንሳል" ነው፣ እስኪ በቁጥር እንየው። ሽቦው (ኮንዳክተሩ) ዜብራ የሚባለው ነው እንበል፣ በከፍተኛው ሙቀት ላይ የካቴናሪ ኮንስታንቱ (አግድም ውጥረቱ ለአንድ ሜትር ክብደቱ ሲካፈል) 1,400 ሜትር ይሁን። ሽቦው መሀል ላይ የሚረግበው፣ ማለትም ሳጉ፣ የስፓኑ (በሁለት ታወሮች መሀል ያለው ርቀት) ካሬ ለ8 ጊዜ ኮንስታንቱ ሲካፈል ነው። በ350 ሜትር ስፓን 10.9 ሜትር ይወርዳል፣ በ400 ሜትር 14.3፣ በ450 ሜትር 18.1። ሜዳ ላይ 8 ሜትር የመሬት ክሊራንስ (ሽቦው ከመሬት መራቅ ያለበት ልክ) ብትጠየቁ ሽቦው የሚንጠለጠልበት ከፍታ 19፣ 22.3 እና 26.1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በ10 ኪ.ሜ ከ29 ታወር ወደ 22 ወይ 23 ወረዳችሁ፣ ጥሩ፣ ግን እያንዳንዱ ታወር 7 ሜትር ረዘመ፣ የሚሸከመው የንፋስ ስፓን (የግራና የቀኙ ስፓን ግማሽ ድምር) ደሞ ወደ 29 ከመቶ ጨመረ፣ ስለዚህ ብረቱም ፋውንዴሽኑም ወፈረ። የሆነ ቦታ ላይ ወጪው መውረዱን አቁሞ መልሶ መውጣት ይጀምራል፣ ያ ቦታ የት እንደሆነ የሚነግራችሁ የመሬቱ ቅርጽና የዋጋ ሰንጠረዡ ናቸው እንጂ "በኛ ልምድ 400 ሜትር ነው" የሚል ወሬ አይደለም።

ወጪ ስትሉ ደሞ የብረት ቶን ብቻ አይደለም። መረሬ መሬት ላይ (ጥቁሩ፣ ሲረጥብ የሚያብጠው አፈር፤ በቾ፣ አድአ፣ ሆለታ አካባቢ እንዳለው) ፋውንዴሽን ከደረቅ ቀይ አፈር በጣም ይለያል፣ ድንጋይ ላይ ሌላ ነው፣ ገደል አፋፍ ላይ ደሞ ከፋውንዴሽኑ ይልቅ መኪና የሚደርስበት መንገድ ማውጣቱ ነው ኪስ የሚያራቁተው። ካሳ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሰረት የሚከፈለው። የታወሩ እግር የሚያርፍበት መሬት ከገበሬው በቋሚነት ይወሰዳል፣ ሽቦው ስር ያለው ጤፍና ስንዴ ግን ይቀጥላል፣ ባህር ዛፉ ደሞ አይቀጥልም። ስለዚህ አንዱን ታወር 30 ሜትር ገፋ ማድረግ ብረት ላይ ምንም ሳይለውጥ ካሳ ላይ ብዙ ሊለውጥ ይችላል።

እዚህ ላይ የማይወራ ነገር ላንሳ፣ የማን ወጪ ነው የሚቀነሰው? ኮንትራቱ በብረት ቶን የሚከፈል ከሆነ ኮንትራክተሩ ቶን የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። ጠቅላላ ዋጋ ከሆነ ደሞ ስፓኑን እስከ ጫፍ ይለጥጠዋል፣ ካሳና የመስመር ማለፊያ ፈቃድ በአሰሪው ከሆነማ እነሱን ከሂሳቡ ጭርሱኑ ያወጣቸዋል። ሁለቱም "ኦፕቲማይዝድ" ብለው ነው የሚያስገቡት፣ አይዋሹም፣ የየራሳቸውን ነው ያስተካከሉት።

ሁለተኛው መስፈርት ቼኮቹ ናቸው፤ ሙቀት፣ ብርድና ንፋስ። ሙቀት ለክሊራንስ ነው፣ ሁሉም ይሰራዋል። ብርዱ ነው የሚረሳው።

ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቦታ ላይ ቆመን እንየው። ሸለቆ ውስጥ የቆመ ሰስፔንሽን ታወር (ሽቦው ተንጠልጥሎ የሚያልፍበት) አለ፣ ግራና ቀኙ 350 ሜትር ስፓን፣ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ጉብታ ላይ ስለሆኑ የሽቦ ማሰሪያቸው ከሱ በ40 ሜትር ይበልጣል። የክብደት ስፓኑ (ታወሩ ክብደቱን የሚሸከመው የሽቦ ርዝመት) የሚሰላው የሁለቱን ስፓኖች ግማሽ ደምሮ ከዛ ላይ ኮንስታንቱን በከፍታ ልዩነቱ ጥምርታ እያባዙ በመቀነስ ነው። በሙቀት፣ ኮንስታንቱ 1,400 ሲሆን፣ 350 ሲቀነስ 320፣ ማለትም 30 ሜትር ይቀራል። ትንሽ ነው ግን ፖዘቲቭ ነው፣ ወረቀት ላይ ያልፋል። ህዳርና ታህሳስ ሌሊት ላይ ደብረ ብርሃን አካባቢ ብርዱ ውርጭ ሲደርስ ሽቦው ይኮማተራል፣ ይወጠራል፣ ኮንስታንቱ 1,800 ገባ እንበል፤ 350 ሲቀነስ 411፣ ኔጌቲቭ 61 ሜትር። ያ ታወር ሽቦውን መሸከም ትቶ ሽቦው እሱን ወደ ላይ መጎተት ጀመረ። ሰስፔንሽን ኢንሱሌተር (ሽቦውን ከታወሩ ብረት የሚለየው ማንጠልጠያ) ደሞ ለመንጠልጠል እንጂ ወደ ላይ ለመገፋት አልተሰራም። አፕሊፍት የሚባለው ይሄ ነው፣ መፍትሄው ታወሩን ከፍ ማድረግ ወይ ቦታ መቀየር ወይ በቴንሽን ታወር (ሽቦው ተወጥሮ የሚታሰርበት) መተካት ነው፣ ሶስቱም ዋጋ አላቸው፣ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ሲታወቅ ደሞ ዋጋቸው ሌላ ነው።

ንፋሱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የክብደት ስፓኑ ከንፋስ ስፓኑ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ የሆነ ታወር ላይ ኢንሱሌተሩ በጎን ንፋስ ተወዛውዞ ወደ ብረቱ ይጠጋል።

ሶስተኛ፣ ሩቱ ሲቀየር እንደገና ለመስራት ምን ያህል ይፈጃል። ይሄን ዝቅ አድርጋችሁ አትዩት። እኛ አገር ሩት ሳይቀየር ያለቀ መስመር ካለ ንገሩኝ፤ መቃብር ይገኛል፣ የቤተክርስቲያን ደን ይገኛል፣ ሰርቬይ ሲደረግ ባዶ የነበረ መሬት ላይ በስድስት ወር ቤት ይበቅላል። አራተኛ፣ ሌላ ሰው ሊመረምረው ይችላል ወይ። አምስተኛ፣ ላይሰንሱና የሚሰራው ሰው።

የመሬት ዳታው፣ ለሁሉም አሰራር እኩል የሚሰራ

የትኛውንም ምረጡ፣ ፕሮፋይሉ ውሸት ከሆነ መልሱም ውሸት ነው። በነጻ የሚወርደው ኤስአርቲኤም የሚባለው የመሬት ከፍታ ዳታ (በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ በስፔስ ሸትል የተነሳው) በ30 ሜትር ርቀት አንድ ነጥብ ነው ያለው፣ የከፍታ ትክክለኛነቱም ሲታቀድ የተቀመጠው 16 ሜትር ውስጥ ነው፣ በ90 ከመቶ አስተማማኝነት። እናንተ የምትሟገቱት ስለ 8 ሜትር ክሊራንስ ነው! በዛ ላይ ዛፍ የበዛበት ቦታ የሚያነበው መሬቱን ሳይሆን የዛፉን አናት አካባቢ ነው። ለሩት ጥናት፣ ለግምታዊ የታወር ብዛት፣ ለጨረታ ዋጋ በጣም ጥሩ ነው። ችካል ለመትከል ግን አይሆንም፣ ለዛ በጂፒኤስ አርቲኬ (በሴንቲሜትር ደረጃ የሚለካ ጂፒኤስ) ወይ በቶታል ስቴሽን (የሰርቬየር መለኪያ መሳሪያ) የተለካ ፕሮፋይል ወይ ላይዳር (በሌዘር የሚለካ) ያስፈልጋል።

ሌላው የመሀል መስመሩን ብቻ ለክቶ መምጣት ነው። ከመሀል 9 ሜትር ርቆ የሚሄድ ሽቦ አለ እንበል፣ ተዳፋቱ በጎን 30 ከመቶ ይወጣል፣ እዛ ጋ መሬቱ በ2.7 ሜትር ከፍ ብሏል። ፕሮፋይሉ ላይ 8.5 ሜትር ክሊራንስ ያለ የሚመስለው ስፓን በተግባር 5.8 ሜትር ነው ማለት ነው። ደጋው ላይ፣ የአባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆው ዳር ላይ የምትሰሩ ከሆነ የጎን ፕሮፋይል ሳታስለኩ ስለ አልጎሪዝም አታውሩ።

1. የወረቀት ቴምፕሌት (ወይ የአውቶካድ ብሎክ የሆነው ልጁ)

ከሴሉሎይድ ወይ ከፕላስቲክ የተቆረጠ ኩርባ ነው፣ የሙቀቱ ኩርባ፣ ከሱ ስር የክሊራንሱ፣ ከዛ ስር የታወር እግሩ፣ አንዳንዴም የብርዱ ለብቻው። ፕሮፋይሉ በአግድም 1፡2000 በቁመት 1፡200 ተስሎ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ቴምፕሌቱን እያንሸራተቱ የክሊራንሱ ኩርባ መሬቱን ሲነካ ቀጣዩ ታወር ይገኛል። አሁን ያው በአውቶካድ ብሎክ አድርገው ነው የሚያንሸራትቱት፣ ነገሩ አንድ ነው።

ጥሩ ጎኑ ዓይን ያሰለጥናል። ጉብታ ላይ መቆም ለምን እንደሚያዋጣ፣ ሸለቆ ለምን እንደሚዘለል በአንድ ቀን ይገባችኋል፣ የብርዱን ኩርባ ጎረቤቶቹ ላይ ስታስቀምጡ ኩርባው ከመሀለኛው ታወር ማሰሪያ በላይ ካለፈ አፕሊፍት እንዳለ ወዲያው ታያላችሁ። መክፈልም የለም። መጥፎ ጎኑ ቴምፕሌቱ የተቆረጠው ለአንድ ሩሊንግ ስፓን ነው፤ በሁለት ቴንሽን ታወር መሀል (አንድ ሴክሽን በሚባለው) ያሉ ስፓኖች ኪዩባቸው ተደምሮ ለድምራቸው ሲካፈልና ስኩዌር ሩት ሲወጣ የሚመጣው ቁጥር። ታወሮቹን ሳትደረድሩ ሩሊንግ ስፓኑን አታውቁትም፣ ሩሊንግ ስፓኑን ሳታውቁ ቴምፕሌቱን መቁረጥ አትችሉም፣ ስለዚህ በግምት ተጀምሮ ተመልሶ ይታረማል፣ ወይ ደሞ ሳይታረም ይቀራል። ወጪ የሚባል ነገርም እጁ ላይ ያለው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፣ ሁለት ጎበዝ ኢንጂነሮች አንድ ፕሮፋይል ላይ ሁለት የተለያየ ድርድር ያመጣሉ፣ የትኛው እንደሚረክስ ደሞ ሁለቱም አያውቁም።

2. ኤክሴልና አውቶካድ

ብዙው ቢሮ በተግባር እዚህ ነው ያለው። ታወሮቹ በሰው ይቀመጣሉ፣ ኤክሴሉ ሳግ፣ የንፋስ ስፓን፣ የክብደት ስፓን በሙቀትና በብርድ ያሰላል፣ ከወሰኑ ውጪ የሆነው ቀይ ይሆናል፣ ሰውየው ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና። ኦፕቲማይዜሽን አይደለም፣ ፍተሻ ነው፣ ግን ጥሩ ፍተሻ ነው። የሶፍትዌር ውጤት የሚመረምር አሰሪ ጋ ሊኖር የሚገባውም ይሄው ነው፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው የሰራውን በራሳችሁ ቀመር መፈተሽ በራሱ ሶፍትዌር ከፍቶ ቀለሙን ከማየት ይሻላል።

አደጋው የታወቀ ነው፣ ከባለፈው ፕሮጀክት ኮፒ የተደረገ ፋይል፣ አንዱ ሴል ውስጥ ያሮጌው ኮንዳክተር ክብደት ተቀርቅሮ፣ ማንም ሳያየው። ኤክሴል የምትጠቀሙ ከሆነ ቢያንስ የኮንዳክተሩን ዳታ አንድ ሺት ላይ ብቻ አድርጉት፣ ሌላው ሁሉ ከዛ ያንብብ።

3. ራስ የሚጻፍ ኮድ፣ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ

ለእኔ ከሁሉም የሚያስገርመው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ችግሩ ለዚህ ዘዴ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ሪቻርድ ቤልማን በ1950ዎቹ ያመጣው ሃሳብ ነው፣ ታወር ስፖቲንግ ላይ ደሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ውሏል። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ መስመሩን በየ20 ሜትር ትቆራርጡታላችሁ፣ 10 ኪ.ሜ ከሆነ 501 ነጥብ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ 5 አይነት ቁመት፣ ባጠቃላይ 2,505 አማራጭ። ከእያንዳንዱ ወደኋላ ከ150 እስከ 500 ሜትር ውስጥ ያሉትን ታያላችሁ፣ 18 ነጥብ በ5 ቁመት፣ 90 ገደማ። ስፓኑ ክሊራንሱን ያልፋል ወይ? ካለፈ እስከዛ የተጠራቀመው ወጪ ላይ የዚህኛው ታወር ዋጋ ተደምሮ ትንሹ ይያዛል። ወደ 225 ሺህ ፍተሻ ነው፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ቡና ሳይፈላ ያልቃል፣ የሚወጣው መልስ ደሞ በዛ ነጥብ ድርድርና በዛ የዋጋ ሰንጠረዥ ከዚህ የረከሰ የሌለ ነው፣ ግምት አይደለም።

ግን እዚህ ጋ ነው ወጥመዱ። የንፋስና የክብደት ስፓን የሚወሰኑት በአንድ ስፓን ሳይሆን በታወሩ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ስፓኖች ነው። ኮዱ አንድ ታወር ብቻ እያስታወሰ የሚሄድ ከሆነ አፕሊፍትን ማየት አይችልም፣ ሸለቆ ውስጥ አጭርና ርካሽ ታወር አስቀምጦ በደስታ ያልፋል! ስለዚህ የሚታወሰው ነገር ጥንድ ታወር መሆን አለበት፣ ያኔ ፍተሻው ወደ 20 ሚሊዮን ይጠጋል፣ ፓይተን ላይ ጥንቃቄ ከተደረገ አሁንም የሚቻል ነው። ሩሊንግ ስፓኑም የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ስለሆነ በግምት ጀምሮ ሁለት ሶስቴ መደጋገም ግድ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ የዋጋ ሰንጠረዡ ሙሉ በሙሉ የናንተ መሆኑ ነው። ከዚህ ኪሎሜትር እስከዚህ መረሬ ነው፣ ፋውንዴሽን በዚህን ያህል ይጨምር፤ ይሄ ቡና ነው፤ ይሄ መቃብር ነው፣ ክልክል፤ ይሄ ከመንገድ ሩቅ ነው። ሩት ሲቀየር አዲሱን ፕሮፋይል አስገብቶ እንደገና ማስኬድ ብቻ ነው። ጉዳቱ የጻፈው ልጅ ስራ ሲቀይር ኮዱ አብሮት መሞቱ ነው፣ አሰሪም "ማን ያረጋገጠው ፕሮግራም ነው?" ሲል መልስ ያስፈልጋል። ባለሶስት ዳይሜንሽን መሬት፣ የጎን ሽቦ፣ የታወሩን ብረት አንድ በአንድ መፈተሽ እዚህ ውስጥ ላስገባ ካላችሁ ደሞ ሶፍትዌር ኩባንያ መክፈት ነው።

4. የመስመር ዲዛይን ሶፍትዌር

ጨረታ ሰነድ ላይ አብዝቶ የሚጠራው ፒኤልኤስ-ካድ ነው፣ ሌሎችም አሉ፣ እዚህ ስም እያነሳሁ ማወዳደር አልፈልግም። የሚሰጡት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ የላይዳሩን ነጥብ እንዳለ ይቀበላሉ፣ እያንዳንዱን ሽቦ በራሱ ቦታ ያነሱታል፣ የፈለጋችሁትን ያህል የአየር ሁኔታ በአንድ ላይ ይፈትሻሉ፣ የታወሩን ጥንካሬ ያውቃሉ፣ ፕላን ኤንድ ፕሮፋይሉንና የታወር ስኬጁሉን (የታወሮቹን ዝርዝር ሰንጠረዥ) ያትማሉ፣ አውቶማቲክ ስፖቲንግም አላቸው።

አውቶማቲኩ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ፕሮግራሙ የሚያስቀምጠው በምትሰጡት የታወር ዋጋ ነው። ዋጋ ሳያስገቡ ወይ የብረት ክብደቱን ብቻ አስገብቶ ቁልፉን የሚጫን ሰው ያገኘው የብረት ኦፕቲማይዜሽን ነው። ክልክል ቦታዎችና ተጨማሪ ወጪ ያለባቸው ቦታዎች በእጅ ካልገቡ ፕሮግራሙ ስለ ደብሩም ስለ እንሰቱም የሚያውቀው የለም፣ ጥርት ባለ ስዕል አምሮ ይወጣል፣ ማማሩ ደሞ ጠያቂውን ዝም ያሰኛል። ላይሰንሱ በውጭ ምንዛሪ ነው፣ የዓመት ጥገናም አለው፣ ያንን ይዞ የሚሰለጥን ሰው ሁለት ሶስት ወር የመማሪያ ጊዜ ይፈልጋል። የተሰበረ (ክራክ የተደረገ) ላይሰንስ የሚጠቀሙ አሉ ይባላል፣ ፋይሉን ለአሰሪ ስታስረክቡ ጉዱ ይታያል፣ ተዉት።

5. ጄኔቲክ አልጎሪዝም፣ ፓርቲክል ስዋርም፣ ወዘተ

አጭር ነኝ። እነዚህ በዘፈቀደ ጀምረው መልሱን እየደጋገሙ የሚያሻሽሉ ዘዴዎች ናቸው። ታወሮች በአንድ መስመር ላይ ተራ በተራ የሚደረደሩ ስለሆኑ ትክክለኛውን ዝቅተኛ ወጪ የሚያገኝ ዘዴ (3ኛው) እያለ ደህና የሚመስል መልስ ላይ የሚያቆም ዘዴ መጠቀም ለመመረቂያ ካልሆነ አይታየኝም። ሩቱንና ታወሩን አንድ ላይ ማፈላለግ ከፈለጋችሁ ወይ የታወሩን ብረት ራሱን ጨምራችሁ ዲዛይን የምታደርጉ ከሆነ ያኔ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ቦታ ይኖራቸዋል።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| አሰራር | ዝቅተኛ ወጪ ያገኛል? | ብርድና ንፋስ | ሩት ሲቀየር | የሚጠይቀው | የሚመቸው |
|---|---|---|---|---|---|
| ቴምፕሌት | በሰውየው ችሎታ | ብርዱ ይታያል፣ ንፋሱ ለብቻ ይሰላል | ሴክሽኑ እንደ አዲስ | ልምድ ብቻ | አጭር መስመር፣ ስልጠና፣ ፈጣን ምርመራ |
| ኤክሴልና አውቶካድ | አያገኝም፣ ይፈትሻል | ቀመሩ ካለ አዎ | ቀናት | ጥንቃቄ | እስከ 20 ኪ.ሜ ሜዳ፣ የአሰሪ ምርመራ |
| የራስ ኮድ | አዎ፣ ጥንድ ታወር ከያዘ | በመሀል ፕሮፋይል ልክ | ሰዓታት | ኮድ የሚችል የመስመር ሰው | ጥናት፣ ጨረታ፣ የወጪ ንጽጽር |
| የመስመር ሶፍትዌር | አዎ፣ ዋጋው በትክክል ከገባ | ሙሉ በሙሉ | ከሰዓታት እስከ ቀናት | ላይሰንስ፣ ስልጠና፣ ጥሩ ሰርቬይ | ረጅም መስመር፣ ተራራ፣ ከ230 ኪሎቮልት በላይ |
| ጄኔቲክና መሰሎቹ | ዋስትና የለውም | እንደ ኮዱ | ሰዓታት | ጊዜ | ምርምር |

ችካሉ ከተተከለ በኋላ

ከላይ ያሉት ሁሉ ቢሮ ውስጥ ያልቃሉ። መስክ ላይ ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። ሰርቬየሩ ችካሉን ይተክላል፣ ቀይ ቀለም ይቀባዋል፣ የገበሬው አጥር ውስጥ ሶስት ሜትር ገብቷል። ሽማግሌ ይመጣሉ፣ "እባክህ ልጄ ትንሽ ወዲያ አድርግልን" ይላሉ፣ ልጁም ይሉኝታ ይዞት 6 ሜትር ወደፊት ያደርገዋል፣ ቢሮ የሚነግር የለም። 6 ሜትር ብዙ ጊዜ ምንም አያመጣም። ስፓኑ እስከ ጫፍ የተለጠጠበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ክሊራንሱ ሄደ። ስለዚህ የትኛውንም አሰራር ተጠቀሙ፣ ውጤቱ ላይ ለእያንዳንዱ ታወር ወደፊትና ወደኋላ ስንት ሜትር መንቀሳቀስ እንደሚችል ይጻፍ፤ "ወደፊት 4፣ ወደኋላ 15" ተብሎ። ከነዚህ አሰራሮች የራስ ኮድና ሶፍትዌሩ ይሄን በቀላሉ ያወጣሉ፣ በቴምፕሌትም በእጅ ይነበባል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ልጁም ሽማግሌውን በባዶ እጃቸው አይመልስም።

ደሞ ሂሳቡ ውስጥ የማይገባ ሌላ ነገር አለ፣ የታወር ብረት ስርቆት። እግር አካባቢ ያለውን አንግል ብረት እየፈቱ የሚወስዱ ሰዎች ምክንያት ታወር የወደቀበት ጊዜ አለ። ሁለት ቦታ በወጪ ከተቀራረበ ሰው የሚያየውን፣ መንደር የሚቀርበውን ብትመርጡ እኔ አልቃወምም፣ የትኛውም ፕሮግራም ግን ይሄን አይመክራችሁም።

ታዲያ የቱን?

ለፋብሪካ ወይ ለኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገባ 10፣ 12 ኪ.ሜ የ132 ኪሎቮልት ቅጥያ፣ መሬቱ ሜዳ፣ ባጀቱ ጠባብ ከሆነ፤ አርቲኬ ሰርቬይ አስደርጉ፣ በአውቶካድና በኤክሴል ጨርሱት። ለላይሰንስ የምታወጡት ብር ከምታድኑት ሁለት ታወር ይበልጣል ወይ ብላችሁ መጀመሪያ አስሉ፣ ከበለጠ ተዉት። አፋፍና ገደል ካለበት ግን ርዝመቱ አጭር ቢሆንም ለዛ ሴክሽን ብቻ ላይሰንስ ላለው ቢሮ በክፍያ ማሰራት ይሻላል።

እንደ ሶዶ–ሱስዋ አይነት፣ ከ1,000 ኪ.ሜ በላይ የሚሄድ፣ በ2015 ዓ.ም ስራ የጀመረው የኢትዮ–ኬንያ 500 ኪሎቮልት ዲሲ መስመር፣ ወይ ከህዳሴ ግድብ በደዴሳ ሆለታ የሚመጣው የ500 ኪሎቮልት መስመር አይነት ከሆነ ጥያቄም የለው፤ ላይዳር ወይ ዝርዝር ሰርቬይ፣ ሙሉ ሶፍትዌር፣ ከነትክክለኛ የዋጋ ሰንጠረዡ። በዚህ ርዝመት ላይ በየ10 ኪ.ሜው አንድ ታወር ማዳን ራሱ ከመቶ ታወር በላይ ነው።

ጨረታ ላይ ዋጋ የምታስገቡ ኮንትራክተሮች የራስ ኮድ ያዋጣችኋል። በነጻው ዳታ ላይ አስኬዱት፣ የታወር ብዛትና ቶን ታገኛላችሁ፣ ከዛ የዳታውን ስህተት የሚሸፍን መጠባበቂያ ጨምሩበት። ችካል አትትከሉበት እንጂ ለዋጋ ይበቃል።

ተማሪዎች፣ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ስሩ፣ ጥንድ ታወር ያዙ፣ ብርዱን ፈትሹ፣ የዋጋ ሰንጠረዡን እየለዋወጣችሁ መልሱ እንዴት እንደሚቀየር አሳዩ። የፋውንዴሽን ዋጋ መረሬ ላይ በግማሽ ሲጨምር ታወሮቹ ወዴት ይሸሻሉ የሚለው ከአዲስ አልጎሪዝም ስም ይልቅ ለዚህ አገር ይጠቅማል።

አሰሪ ሆናችሁ የሌላ ሰው ስራ የምትቀበሉ ከሆነ ሶፍትዌር ባትገዙም ግድ የለም፣ አራት ነገር ግን ሳይቀርብ አትፈርሙ። የገባው የዋጋ ሰንጠረዥ፣ በቁጥር። ለእያንዳንዱ ታወር የክብደት ስፓን በሙቀት ብቻ ሳይሆን በብርድም። ጎን ተዳፋት ባለበት ሁሉ የዳር ሽቦው ክሊራንስ። እና ያ ወደፊት–ወደኋላ የሚለው ዓምድ። ከዛ እናንተ ራሳችሁ ከስኬጁሉ ላይ ትንሹ የክብደት ስፓን ያላቸውን አምስት ታወሮች መርጣችሁ በኤክሴል አስሏቸው፣ ስህተት ካለ መጀመሪያ የሚገኘው እነሱ ጋ ነው።